ኮላጅን በቆዳ ጥገና፡ ለከባድ ቃጠሎ ሕክምና ያስገኘው ጠቀሜታ

ኮላጅን በሰውና በእንስሳት ሰውነት ውስጥ በብዛት የሚገኝ ፕሮቲን ሲሆን፣ ከቆዳ ደረቅ ክብደት ሦስት አራተኛ ያህሉን ይይዛል። ይህንኑ ፕሮቲን ከእንስሳት በማውጣት የሚዘጋጁ ምርቶች በከባድ ቃጠሎና በማይድኑ ቁስሎች ሕክምና ላይ ውለዋል።

ቆዳ የላይኛውና የውስጠኛው በሚባሉ ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች የተዋቀረ ነው። የላይኛው ክፍል ሲጎዳ ራሱን የሚተካ ሲሆን፣ በጥልቅ ቃጠሎ የወደመ የውስጠኛ ክፍል ግን በቀድሞ ይዞታው ተመልሶ አያድግም። በምትኩ ቁስሉ እየተኮማተረ ጠባሳ ይፈጥራል፤ ይህም በመገጣጠሚያዎች አካባቢ ሲከሰት እንቅስቃሴን ይገድባል።

የተለመደው ሕክምና ከሕመምተኛው ጤነኛ የሰውነት ክፍል ቆዳ ወስዶ መትከል ነው። ሆኖም አብዛኛው ሰውነቱ የተቃጠለ ሰው ለዚህ የሚበቃ ጤነኛ ቆዳ አይኖረውም። ቁስሉ ሳይሸፈን በቆየ መጠንም በፈሳሽ እጦትና በኢንፌክሽን ሳቢያ ሕይወቱ ለአደጋ ይጋለጣል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ለማግኘት የቦስተኑ የቃጠሎ ሐኪም ጆን በርክና የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪው ዮአኒስ ያናስ እ.ኤ.አ. በ1969 በጋራ መሥራት ጀመሩ። ያዘጋጁት ምርት ሁለት ንጣፎች አሉት። የታችኛው ንጣፍ ከከብት ጅማት በሚገኝ ኮላጅንና ከሻርክ ዓሣ ለስላሳ አጥንት በሚወጣ ኮንድሮይቲን የተሠራ፣ እንደ ስፖንጅ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ነው። የላይኛው ንጣፍ ደግሞ ቁስሉን ለጊዜው የሚሸፍን ስስ ሲሊኮን ነው።

ሐኪሙ የተቃጠለውን ቆዳ ቆርጦ ካስወገደ በኋላ ምርቱን በቁስሉ ላይ ያደርጋል። የሕመምተኛው የራሱ ሕዋሳትና የደም ሥሮች ወደ ቀዳዳዎቹ በመግባት አዲስ የውስጠኛ ቆዳ ሲገነቡ፣ ኮላጅኑ ቀስ በቀስ ይሟሟል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንታት በኋላ ሲሊኮኑ ተነሥቶ ከሕመምተኛው የተወሰደ በጣም ስስ ቆዳ ይተከላል።

ሁለቱ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ጥናት፣ ከ50 እስከ 95 በመቶ የሚሆነው ሰውነታቸው በተቃጠለ 10 ሕመምተኞች ላይ የተገኘውን ውጤት አሳውቀዋል። በኋላ የተተከለው ቆዳ ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ቆዳው ስስ በመሆኑ የተወሰደበት ቦታ ቶሎ ይድናል።

ምርቱ ኢንተግራ በሚል ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1996 ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለከባድ ቃጠሎ ፈቃድ አግኝቷል። ፈቃዱ በ2002 ጠባሳ ያኮማተረውን የሰውነት ክፍል ለማስተካከል፣ በ2016 ደግሞ ለስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል እንዲያገለግል ተስፋፍቷል።

ይሁንና ምርቱ ውስንነቶች አሉት። በኢንፌክሽን በተያዘ ቁስል ላይና ለከብት ኮላጅን አለርጂ ላለበት ሰው አይውልም። የላብ ዕጢዎችንና ፀጉርን አይመልስም። በተጨማሪም የሠለጠነ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ፣ ንጹሕ ክፍልና ተከታታይ ክትትል የሚጠይቅ በመሆኑ፣ የምርቱ መገኘት ብቻውን የተሟላ የቃጠሎ ሕክምና አገልግሎትን አይተካም።