የሐረር ጅብና የከተማ ማዕዱ

በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታነፀው የሐረር ግንብ፣ ማለትም ጀጎል፣ ሰው ከሚገባባቸው አምስት ጥንታዊ በሮች ሌላ ከግርጌው ጠባብ ሽንቁሮች ያሉት ሲሆን፣ እነዚህም በሐረሪ ቋንቋ «ወራባ ኑዱል»፣ ትርጉሙም የጅብ ቀዳዳ፣ ይባላሉ። በዱር አድኖ የሚኖረው ዥንጉርጉሩ ጅብ ሌሊት በእነዚህ እየገባ የእርድ ትራፊና አጥንት ሲለቅም ኖሯል፤ አጥንት የሚሰባብር መንጋጋውና አጥንትን የሚፈጭ ጨጓራው ሌላው አውሬ የሚተወውን ሁሉ ምግብ አድርገውለታል። ነዋሪው በበኩሉ አላባረረውም፤ እንዲያውም በአሹራ በዓል በቅቤ የራሰ ገንፎ ያቀርብለታል፣ የሚበላውም መጠን የመጪው ዓመት ምልክት ተደርጎ ይታያል። ዛሬ ጎብኚ የሚያየው፣ ጅብን ስሙን እየጠሩ ሥጋ የማጉረስ ልማድ ግን በንጽጽር የቅርብ ጊዜ ነው፤ ከጥንታዊው የገንፎ ሥርዓት ጋር ሊምታታ አይገባም። ጅብ በከተማ ትራፊ ላይ ምን ያህል እንደተደገፈ የሚያሳየው ጠንካራ ማስረጃ ከትግራይ የተገኘ ነው፤ በዐቢይ ጾም እርድ ሲቆም ትራፊ ያጣው ጅብ አህያ ወደ ማደን እንደሚዞር ተመራማሪዎች በኩሱ ውስጥ ያለውን ጸጉር መርምረው አረጋግጠዋል።