በመነሻና በመድረሻ መካከል፦ ሪያድና የሪአክሽን ሳይንስ

ሪያድ ስትነሳ ብዙ ኢትዮጵያዊ ቀድሞ የሚያስበው ስደትን፣ የመንፉሃን ሰፈርና እ.ኤ.አ. በ2013 በጅምላ የተመለሱትን ወገኖቹን ነው። ከተማዋ ግን በኬሚስትሪ ታሪክም ስሟ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1989 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዚያ የሚሰጠው የንጉሥ ፈይሰል የሳይንስ ሽልማት ለሁለት ሰዎች ተሰጠ፤ ለጀርመናዊው ቴዎዶር ሄንሽና በካሊፎርኒያ ለሚሠራው የ43 ዓመቱ ግብፃዊ አሕመድ ዘዌይል። የስቶክሆልሙ ኖቤል ዘዌይልን የሸለመው ከ10 ዓመት በኋላ በ1999 ነበር፤ ሄንሽ ደግሞ እስከ 2005 ጠብቋል።

ዘዌይል የተሸለመበት ጥያቄ ከእሱ በጣም ይቀድማል። ኬሚስቶች ከሪአክሽን በፊት ያለውንና በኋላ የተገኘውን መዝነው ማወቅ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ መሃል ላይ የሚሆነውን ግን የሚያይ አልነበረም። በ1850 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቪልሄልሚ በስኳር ውሃ ላይ አሲድ ጨምሮ ፖላራይዝድ ብርሃን አሳለፈበት። ስኳሩ በተሰባበረ ቁጥር ብርሃኑ የሚዞርበት ማዕዘን ይለወጣል፤ ስለዚህ ብልቃጡን ሳይነካ፣ ሰዓቱን እያየ ፍጥነቱን ለካ። ፍጥነቱ በየቅጽበቱ ከቀረው የስኳር መጠን ጋር የሚመጣጠን ሆኖ አገኘው። ቫንት ሆፍ በ1884 መጽሐፉ ይህንን መንገድ ሥርዓት አስያዘው፤ አሬኒየስ በ1889 ሙቀት ሪአክሽንን ለምን እንደሚያፋጥን የጉልበት ደፍ በሚል ሐሳብ አብራራ።

ከዚያ በኋላ ፍጥነት የምርመራ መሣሪያ ሆነ። በ1930ዎቹ ለንደን ውስጥ ኢንጎልድና ሂዩዝ የካርቦን ውህዶችን ሲመረምሩ አንድ እንግዳ ነገር አጤኑ። ሜቲል ብሮማይድ ከሃይድሮክሳይድ ጋር የሚያደርገው ሪአክሽን፣ የሃይድሮክሳይዱ መጠን እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፤ የተርሸሪ ቡቲል ክሎራይድ ግን ንቅንቅ አይልም። ሁለተኛው በሁለት ደረጃ ስለሚሄድ ነው፦ መጀመሪያ ክሎሪኑ ቀስ ብሎ ይለቃል፣ ከዚያ ሌላው ፈጥኖ ቦታውን ይይዛል። ሠርግ ቤት እጅ የሚያስታጥበው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ወጥ አቅራቢ ቢበዛ እንግዳው ቶሎ አይበላም። የጠቅላላውን ፍጥነት የሚወስነው ዘገምተኛው ደረጃ ነው።

በብረታ ብረት ውህዶች ዘንድ ደግሞ ሄንሪ ታውቤ በ1953 የረቀቀ ዘዴ አገኘ። ክሎራይድ የያዘ የኮባልት ውህድን ከክሮሚየም ጋር ሲያገናኝ ኤሌክትሮን ከክሮሚየሙ ወደ ኮባልቱ ይሻገራል። ውጤቱ ሲመረመር ክሎራይዱ ክሮሚየሙ ላይ ተገኘ። ኤሌክትሮን የሰጠ ክሮሚየም የያዘውን በቀላሉ አይለውጥም፤ ስለዚህ ክሎራይዱ በኋላ የገባ ሊሆን አይችልም። ኤሌክትሮኑ ሲሻገር በሁለቱ መካከል ድልድይ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ታውቤ ለዚህ ዘርፍ ሥራው በ1983 ኖቤል ተሸለመ።

ይህ ሁሉ ግን መሃሉን ከዳር ሆኖ መገመት ነበር። ዘዌይል ያደረገው በዓይን ማየት ነው። አንድ የሌዘር ብልጭታ ሪአክሽኑን ያስጀምራል፤ ሁለተኛው ዘግይቶ ደርሶ ሁኔታውን ይመዘግባል። የማዘግየቱ ብልሃት ቀላል ነው፦ ሁለተኛው ብርሃን መንገዱ በ0.3 ሚሊሜትር ቢረዝም 1000 ፌምቶ ሰከንድ ይዘገያል። አንድ ፌምቶ ሰከንድ ለሰከንድ ያለው ድርሻ፣ ሰከንድ ለ32 ሚሊዮን ዓመት ያለውን ያህል ነው። በ1987 የዘዌይል ቡድን በዚህ መንገድ በአዮዲንና በካርቦን መካከል ያለው ትስስር በ200 ፌምቶ ሰከንድ ገደማ ሲበጠስ ተከታተለ።

ሽልማቱን ሊቀበል ሳዑዲ ዓረቢያ ሄዶ ሳለ ዘዌይል፣ አባቷ በሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ከተሸለሙት ከዴማ ጋር ተዋወቀ። በመጋቢት ተገናኝተው፣ በሐምሌ ታጭተው፣ በመስከረም ተጋቡ።

ሪያድ ታላላቅ ኬሚስቶችን ቀድማ የመለየት ልማዷ በዘዌይል ሽልማት አላበቃም። በቀጣዩ ዓመት በብረት ለብረት ትስስር ጥናቱ የታወቀው አልበርት ኮተንና ግብፃዊው ሙስጠፋ ኤልሰይድ ተሸለሙ፤ በ1999 ሪዮጂ ኖዮሪ፣ በ2015 ደግሞ አማን የተወለደው የፍልስጤም ስደተኞች ልጅ ኦማር ያጊ። ኖዮሪ በ2001፣ ያጊ በ2025 ለኖቤል በቁ። ሳዑዲ ለያጊ በ2021 ዜግነት ሰጥታው ስለነበር ድሉን የራሷም አድርጋ አከበረችው።

ሆኖም ዘዌይልና ኤልሰይድ ከግብፅ፣ ያጊ ከአማን ወጥተው ስም ያተረፉት አሜሪካ ባሉ ላቦራቶሪዎች ነው። ሪያድ ገንዘብም ተቋምም አላጣችም፤ ንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ በ1957፣ የኬሚካል ኩባንያው ሳቢክ በ1976 ተመሥርተዋል። ገንዘብን በአንድ በጀት እጥፍ ማድረግ ይቻላል። እጥፍ የማይሆነው መምህርና ተማሪ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለዓመታት አብረው የሚያጠፉት ጊዜ ነው። ዘገምተኛው ደረጃ ይህ ነው፤ ሽልማትም ሕንፃም ቢጨመር የአገርን ሳይንስ ፍጥነት የሚወስነው እሱ ነው። ገንዘቡም ላጠረው የአራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ ስሌቱ አይለወጥም፦ መሣሪያ ተገዝቶ ሊመጣ ይችላል፣ መሣሪያውን አምኖ የሚጠይቅ ሰው ግን እዚያው ማደግ አለበት።