ጠይብ እና ጠቢብ

ስለ ዘረኝነት የተጻፈ ልብ ወለድ ጥቀሱ ስንባል አብዛኞቻችን አፋችን ላይ ቀድሞ የሚመጣው የአሜሪካ መጽሐፍ ነው። ሃርፐር ሊ በ1952 ዓ.ም. ያሳተመችው የአላባማው ታሪክ ለምሳሌ፦ በሐሰት የተከሰሰ ጥቁር፣ የሚሟገትለት ነጭ ጠበቃ፣ ሁሉንም ቆማ የምታይ ትንሽ ልጅ። ስናነበው ከማን ወገን እንደምንቆም ለመምረጥ ሰከንድ አይፈጅብንም። ክፉው ሰው ሩቅ አገር ነዋ ያለው! ልጅቷ ግን እንደኛ አልቀለላትም። ክፉዎቹ የሚያውቋትና የምታውቃቸው ጎረቤቶቿ ናቸው፤ የመጽሐፉ ጉልበትም እዚያ ላይ ነው። እኛ ዘረኝነትን በቆዳ ቀለም ብቻ ስለተማርነው፣ ቆዳው የእኛኑ የመሰለ ሰው ሲገፋ የነገሩ ስም ይጠፋብናል።

እስቲ አላባማን እንተወውና ወደ ጉና እንምጣ። ጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከእሱ በስተምዕራብ ደብረ ታቦር አለች፤ ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ደግሞ ጋፋት። አፄ ቴዎድሮስ የብረት ማቅለጫቸውን ያቋቋሙት እዚህች መንደር ነው። ሠራተኞቹ በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው የክሪሾና የሚሲዮን ማሰልጠኛ የመጡ የእጅ ባለሙያዎችና ሌሎች ጥቂት አውሮፓውያን ነበሩ። የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ ነው። ንጉሡ ግን መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። እንደማይችሉ ቢናገሩም የሚሰማቸው አልነበረም። ሞከሩ፣ ከሸፈ፤ ደግመው ሞከሩ፣ በመጨረሻ ተሳካ። የሥራቸው ትልቁ ውጤት ሴባስቶፖል ነው፤ ክብደቱ 7 ቶን ያህል ይገመታል፤ ስሙን ያገኘው በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩሲያ የወደብ ከተማ ነው።

ይህን ታሪክ ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተነዋል። የማይነገረን ሌላው ገጽታው ነው።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር፣ ብረት የሚያቀልጡ ሐበሾች ነበሩ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ያለ እነሱ የጉና ገብስ አይዘራም፣ አይታጨድም። ስማቸው ግን ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ሲብስም ቡዳ ነበር። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ይባላል። ሸክላ ሠሪዋም፣ ሸማኔውም በየመጠኑ ከዚሁ ስም ይደርሳቸዋል። በጎንደር አካባቢ አብዛኛውን የእጅ ሥራ ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ ነቀፋው በሃይማኖትም በሙያም እጥፍ ሆኖባቸው ኖረዋል።

ልብ በሉ፣ ቡዳነት የሚወረስ ነው ተብሎ ነው የሚታመነው። መዶሻውን የጣለ ሰው ከቡዳነት አይወጣም፤ በሕይወቱ ብረት ነክቶ የማያውቅ ልጁም አያመልጥም። ለዚህ ነው ለጋብቻ ዘር ሲቆጠር ጥያቄው "ምን ይሠራል?" ሳይሆን "ከማን ነው የሚወለደው?" የሚሆነው። በደም የሚተላለፍ፣ በሥራ የማይታጠብ፣ ጋብቻን የሚከለክል የበታችነት። ይህ ዘረኝነት ካልሆነ፣ ቃሉ ምን ሊገልጽልን ነው የፈለግነው?

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሟቸው። ከጋፋት ሰዎች አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ነው። ብረት አቅልጧል፣ እጁ ጥላሸት ነክቷል። ማንም ግን ቡዳ ነው ብሎ ልጁን አልደበቀበትም። ይልቁንም ያገባው የንጉሡ የቅርብ ወዳጅ የነበረውን እንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ ነው፤ በእናቷ የኛው አገር ልጅ። ያው እሳት፣ ያው ብረት። ፈረንጁ ሲያቀልጠው ጠቢብ፣ ሐበሻው ሲያቀልጠው ጠይብ። የሚገርመው ደግሞ ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር የወጡ መሆናቸው ነው። "ጠይብ" መነሻው የግእዙ "ጠቢብ" ነው። አዋቂ ማለት የነበረው ቃል አፋችን ውስጥ ቆይቶ ቆይቶ ስድብ ሆኖ ወጣ።

ቴዎድሮስ እራሳቸው ከዚህ ዓይነቱ ንቀት ቀምሰዋል። መኳንንቱ "የኮሶ ሻጭ ልጅ" እያሉ እናታቸውን ይጠቅሱባቸው ነበር። አንድ መስፍን እንዲሁ ብሎ ፎክሮ ሲማረክ፣ ኮሶ በግድ አጠጡት ተብሎ ይተረካል። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፣ እሰይ ይላል። እኔ ግን ሁሌም አንድ ነገር ይከነክነኛል። ኮሶ ማጠጣት ማለት እኮ ኮሶ መሸጥ ውርደት መሆኑን መቀበል ነው። ስድቡን መለሱት እንጂ አላፈረሱትም።

ከዓመታት በኋላ ግን ሌላ ቴዎድሮስ እናያለን። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ አልነበረም። ገደሉ እየተናደ፣ ቋጥኙ እየተፈለጠ፣ በብዙ መቶ ሰው እየተጎተተ እስከ መጋቢት ድረስ ፈጀ። በዚያ ሁሉ ወራት ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ሲያነሡና መንገድ ሲጠርጉ በዓይናቸው ያዩ አውሮፓውያን ጽፈውታል። በእጅ ሥራ መዋል ለጨዋ ልጅ ነውር በሆነበት አገር፣ ዘውድ የጫነ ሰው አፈር ይዝቃል። ለእኔ ከመቅደላው ሽጉጥ ይልቅ ድፍረት የሚመስለኝ ይሄ ነው። ንጹሕ ታሪክ ነው እያልኩ አይደለም። እኚሁ ሰው ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለዋል፤ በዚያ ዘመን የፈጁት ሰው ብዙ ነው። ሰው በአንድ በኩል እያደገ በሌላ በኩል ሊጨልም ይችላል፤ ለልብ ወለድ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ገጸ ባሕርይ ከየት ይመጣል?

ጸሐፊዎቻችንም አልተዉትም። ብርሃኑ ዘሪሁን "የቴዎድሮስ እንባ"ን በ1958፣ አቤ ጉበኛ "አንድ ለናቱ"ን በ1961 ዓ.ም. አወጡ። ለእኛ ትውልድ ቴዎድሮስን የሠሩልን እነዚህ መጻሕፍት ናቸው ቢባል ማጋነን አይደለም። ግን ጀግናው ንጉሡ ነው፤ ወናፍ ነፊው አይደለም።

በዚያው በ1958 ዓ.ም. ከዓባይ ማዶ የመጣው የሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" ወደ ጉዳዩ ጠጋ ይላል። የፊታውራሪ መሸሻ በሽታ የአጥንት ኩራት ነው። ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን የሚመጥን ዘር ያለው ባል እየጠፋ ዕድሜዋ ይነጉዳል፤ እሷ የወደደችው ደግሞ የድሃ ልጅ የሆነውን አስተማሪዋን በዛብህን ነው። እውነቱን ፊት ለፊት የሚናገረው ካሣ ዳምጤ ስሙ "ጉዱ ካሣ" ሆኖ ቀርቷል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሁሉ ጉዱ ካሣን ይወዳል። ልክ እንደ አሜሪካዊው ጠበቃ፣ እሱን መውደድም ምንም አያስከፍለንም። በመጽሐፉ ውስጥ የምታድገው ግን ሰብለ ናት። የተወለደችበትን ከፍታ ትታ ከቤት የወጣችው እሷ ናት፤ ካሣማ ገና ስንተዋወቀው የበሰለ ሰው ነው።

ወደ ኋላ ብንሄድ ደግሞ የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ አሳትሟል። እዚያም ጦቢያ የምትባል ልጅ ወንድ መስላ አገር ታቋርጣለች፣ ወንድሟ ዋሕድ በባርነት ይወድቃል፣ አረመኔ የተባለው ንጉሥም በመጨረሻ ክርስቲያን ሆኖ ያገባታል። እድገት ማለት እዚህ ጋ ሌላው ሰው እኛን ሲመስል ነው። እኛ ምን እንለወጥ የሚል ጥያቄ የለም። በዚያው ሰሞን፣ በ1900 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጁ። ብረት ሠሪውን ጠይብ እያላችሁ፣ ሸማኔውን እያዋረዳችሁ አገሩን ባለሙያ አሳጣችሁት የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ ነው። በዚህ ነገር አዋጁ ከልብ ወለዱ ቀድሞ ሄዷል።

ዛሬ እኔ በእጄ ሠርቼ የምበላ ሰው ነኝ፤ ኮድ መጻፍ የእጅ ሥራ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ሽማግሌ ሲላክ "ኢንጂነር ነው" ተብሎ ይኮራበታል። ያው ሽማግሌ ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዘሩን ይጠይቃል።

ዋልድማየር ከመቅደላ በኋላ ሊባኖስ ገብቶ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ፤ የሕይወት ታሪኩንም ጽፎ አለፈ። እኔ ማንበብ የምፈልገው ልብ ወለድ ግን ስለ እሱ አይደለም። ስለ አንድ የጉና ገበሬ ልጅ ነው። ጋፋት ወናፍ እንዲነፋ ተወስዶ ሦስት ዓመት ይቆያል፣ ሙያውን ጠንቅቆ ያውቃል። መድፉ ወደ መቅደላ ሲሄድ እሱ መዶሻውን በትከሻው አድርጎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እናቱ ከሩቅ አይታው እልል ልትል አፏን ስትከፍት መዶሻውን ታያለች። ሮጣ ትሄድና፣ ከመሳሟ በፊት፣ ጎረቤት ሳያየው በነጠላዋ ትጠቀልለዋለች።