የአራተኛው ሙከራ ክርክር፦ ከዋሽንግተን እስከ ቦሌ

በጃንዋሪ 2013 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በአንድ ወር ውስጥ በሁለት አሰልጣኞች ላይ ለመከራከር በቂ ምክንያት ነበረው። ጃንዋሪ 6 ቀን ላንዶቨር፣ ሜሪላንድ በተደረገው የአሜሪካ ፉትቦል የጥሎ ማለፍ ጨዋታ የዋሽንግተኑ አሰልጣኝ ማይክ ሻናሃን ጉልበቱን የታመመውን ወጣት ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራውን ተጫዋች) ሮበርት ግሪፊንን ሜዳ ላይ አቆዩት። ተጫዋቹ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ወጣ፤ ቡድኑም በሲያትል 24 ለ 14 ተሸነፈ። ከ15 ቀን በኋላ ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት ላይ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመሩት ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው፣ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያዩ። ሁለቱ ጨዋታዎች በሕግም በመልክም አይገናኙም፤ ያስነሱት ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ አሰልጣኙ ልክ ነበሩ ወይስ ተሳስተዋል? የአሜሪካ ፉትቦል እዚህ አሜሪካ በእኛ ሰዎች መካከል ሥር ሲሰድ አንድ የክርክር ልማድ ይዞ መጥቷል። እሱም የአሰልጣኝን ውሳኔ ከውጤቱ ለይቶ፣ ውሳኔው በተወሰነበት ደቂቃ ይታወቅ በነበረው ነገር መመዘን ነው። ይህ ልማድ ለሀገራችን እግር ኳስ፣ ይልቁንም አዲሱ ብሔራዊ ስታዲየም ለሚታነጽለት ለቦሌና ለምሥራቅ አዲስ አበባ ተመልካች፣ ከጨዋታው ራሱ ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ክርክሩ ሥር የሰደደበትን መንገድ ማወቅ ለነገሩ መሠረት ነው። ወደ አሜሪካ ቀድሞ የገባው የራሳችን እግር ኳስ ነበር። በ1984 ሂውስተን ላይ የተጀመረው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር በየዓመቱ በአሜሪካ የነፃነት በዓል ሰሞን ቡድኖችን ከየከተማው ያሰባስባል። ውድድሩ ግን የአንድ ሳምንት ጉዳይ ነው። ከእንቁጣጣሽ ሰሞን ጀምሮ እስከ የካቲት መባቻ ያለውን ጊዜ የሚሞላው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ ሆነ። ቀኑን ሙሉ ታክሲ የሚነዳ ሰው ሬዲዮው ላይ የሚሰማው የአሰልጣኝ ሙግት ነው። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ የትምህርት ቤቱ ቡድን ዓርብ ማታ ሲጫወት እያየ ያድጋል። በምስጋና ቀን ሥራ ስለማይኖር ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው የዲትሮይትንና የዳላስን ጨዋታ ነው። የእሑዱ የመጀመሪያ ጨዋታ ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ከቅዳሴ መልስ ይጀምራል። ወላጅ ደንቡን ከልጁ ተማረ፤ ልጅ ደግሞ የሙግቱን ሙቀት ከወላጁ ወረሰ። አዲስ አበባ ላይ በጊዮርጊስና በቡና፣ በአርሰናልና በማንቸስተር ሲሟገት የኖረ ሰው ስሜቱን ከማንም መበደር አላስፈለገውም። የጎደለው መለኪያ ነበር፤ እሱንም ከጨዋታው አገኘ።

መለኪያው የሚመነጨው ከጨዋታው አሠራር ነው። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። በሦስቱ ካልሆነለት በአራተኛው ላይ አሰልጣኙ መምረጥ ግዴታቸው ነው፦ ኳሱን በእግር አርቆ አስመትቶ ለተጋጣሚ ማስረከብ፣ ግቡ ቅርብ ከሆነ በምት ሦስት ነጥብ መሞከር፣ ወይም ደፍሮ አራተኛዋን ሙከራ መጫወት። ካልተሳካ ተጋጣሚ ኳሱን እዚያው ቦታ ላይ ይረከባል። በእያንዳንዱ ቅጽበት ስንት ያርድ እንደቀረ፣ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ፣ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ሁሉም ሰው ያውቃል። ስለዚህ ተከራካሪው አሰልጣኙ የነበራቸውን መረጃ በእጁ ይዞ ይከራከራል። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚ ምሁር ዴቪድ ሮመር በ2006 ባሳተመው ጥናት አሰልጣኞች በአራተኛው ሙከራ ላይ ሒሳቡ ከሚፈቅድላቸው በላይ እንደሚጠነቀቁ አሳየ። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው፦ እንደ ወትሮው አስመትቶ የተሸነፈን አሰልጣኝ ማንም አይወቅስም፤ ደፍሮ የተሸነፈ ግን በማግስቱ ይረገማል። የተመልካች ፍርድ የአሰልጣኝን እጅ ያስራል። ፍርዱ ሲስተካከል ድፍረቱም ይመጣል። በ2024 ዳን ኩዊን ዋሽንግተንን በመሩበት የመጀመሪያ የውድድር ዓመት ቡድኑ አራተኛውን ሙከራ 23 ጊዜ ደፍሮ 20ውን አሳካ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 4 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው ቡድንም 12 አሸነፈ።

ውጤት ዳኛ ሲሆን ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚያሳየው ትልቁ ምሳሌ የፌብሩዋሪ 1 ቀን 2015 ሱፐር ቦውል፣ የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ነው። ሲያትል በኒው ኢንግላንድ 28 ለ 24 እየተመራ ከግቡ አንድ ያርድ ላይ ደረሰ፤ የቀረው 26 ሰከንድ ነው። አሰልጣኝ ፒት ካሮል ኳሱን ለጉልበተኛው ሯጭ ለማርሾን ሊንች በመስጠት ፈንታ እንዲወረወር አደረጉ። የኒው ኢንግላንዱ ማልኮም በትለር ጠለፈውና ጨዋታው አለቀ። በማግስቱ ብዙ ሰው በታሪክ የከፋ ውሳኔ ነው ብሎ ፈረደ። ነገር ግን በዚያ የውድድር ዓመት ከአንድ ያርድ ላይ ከተወረወሩት ኳሶች መካከል እስከዚያች ምሽት ድረስ አንድም አልተጠለፈም ነበር። ሲያትል የቀረው አንድ የዕረፍት ጥሪ ብቻ ነበር፤ ሯጩ ቢያዝ ሰዓቱ መቁጠሩን ይቀጥላል፣ ያልተያዘ ውርወራ ግን ሰዓቱን ያቆማል። እነዚህን ሁሉ ደምሮ የሚያይ ሰው ውሳኔውን ላይወደው ይችላል፤ እብደት ነው ለማለት ግን ይቸገራል። የተገላቢጦሹም አለ። ኦክቶበር 27 ቀን 2024 የዋሽንግተኑ ጄይደን ዳንኤልስ በመጨረሻው ሰከንድ በረዥሙ የወረወረው ኳስ 52 ያርድ ተጉዞ፣ በተጫዋቾች እጅ ተነካክቶ ኖዋ ብራውን እጅ ገባና ቺካጎ 18 ለ 15 ተሸነፈ። ጠንቃቃ ተከራካሪዎች በተአምሩ ላይ አልቆሙም። ከእሱ በፊት የነበረችውን ሙከራ መረመሩ፤ የቺካጎው አሰልጣኝ ማት ኤበርፍሉስ ተከላካዮቻቸውን ወደ ኋላ አርቀው 13 ያርድ ያለ ትግል መልቀቃቸውን ጠየቁ። ጥፋቱ ያለው እዚያ ነበር።

ይህ መለኪያ አሰልጣኝን ሁልጊዜ ነፃ የሚያወጣ እንዳይመስል ወደ ግሪፊን እንመለስ። ጉልበቱ ከዲሴምበር ጀምሮ መጎዳቱ የታወቀ ነበር፤ በጨዋታው ውስጥም እያነከሰ ነበር። ተጫዋቹ ራሱ መጫወት እንደሚፈልግ መናገሩ የአሰልጣኙን ኃላፊነት አይወስድም፤ የ22 ዓመት ወጣት ለመውጣት እንደማይለምን ማንም ያውቃል። ቡድኑ ቢያሸንፍ ኖሮም ውሳኔው ስህተት ነበር። ከ12 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 2025፣ ያው ከተማ ተመሳሳይ ነገር አየ። ዋሽንግተን በሲያትል 38 ለ 7 እየተመራ፣ ጨዋታው ካለቀለት በኋላ፣ በአራተኛው ሩብ ላይ ሜዳ ውስጥ የቆየው ዳንኤልስ የግራ ክርኑ ወለቀ። ዳን ኩዊን ጥፋቱ የራሳቸው መሆኑን በይፋ ተናገሩ። በአራተኛው ሙከራ ድፍረታቸው የተመሰገኑት አሰልጣኝ በዚህ ተወቀሱ፤ ሁለቱም ፍርድ ትክክል ነው፣ ምክንያቱም የተመዘነው ውሳኔው እንጂ ሰውየው አይደለም።

አሁን ሚዛኑን ወደ ዋልያዎቹ እናዙረው። በ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ቡድናችን በረኛው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጥቶበት በ10 ሰው ከዛምቢያ ጋር አቻ ሲወጣ አሰልጣኝ ሰውነት ተመሰገኑ። በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ሲሸነፍ ተወቀሱ። ሆኖም እነዚያ ሁለት ያሸነፉን ቡድኖች ናቸው ፍጻሜው ላይ የተገናኙት፤ ናይጄሪያ ዋንጫውን የወሰደችው ቡርኪና ፋሶን 1 ለ 0 አሸንፋ ነው። ይህን ማሰብ ሽንፈቱን አያስረሳም፤ ግን ጥያቄውን ይለውጠዋል። ሊጠየቅ የሚገባው ስንት ገባብን ሳይሆን፣ የቡርኪና ፋሶ በረኛ በቀይ ካርድ ከወጣ በኋላ እንኳ ግብ ሲቆጠርብን በነበረው ግማሽ ሰዓት አሰላለፋችን ምን ይመስል ነበር የሚለው ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ በዚያው ዓመት ጁን ላይ የሆነው ነው። ቡድናችን ሎባትሴ ላይ ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ሀገር ተደሰተ። ይሁንና ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ ስለነበረበት መሰለፍ አልነበረበትም። ፊፋ ጨዋታውን ለቦትስዋና 3 ለ 0 ሰጠ፤ ሦስት ነጥብ ጠፋ። ውጤቱ ያማረ፣ ሥራው ግን የተበላሸ ጨዋታ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝለትም። በውጤት ብቻ የሚፈርድ ሰው ያን ቀን የካርድ መዝገቡን ማን እንደያዘው ለመጠየቅ ምክንያት አልነበረውም።

የዚህ ፍርድ ዋጋ በአሰልጣኞች ዝርዝር ላይ ይታያል። ሰውነት ቢሻው በ2014 መጀመሪያ ተሰናበቱ። ከዚያ ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሣህሌ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ በ2020 ደግሞ ውበቱ አባተ መጡ። በሰባት ዓመት ሰባት አሰልጣኝ ማለት ነው። አብርሃም በኖቬምበር 2019 ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 አሸነፉ፤ ኮንትራታቸው በ2020 ሲያበቃ ግን አልታደሰም። ውበቱ ቡድኑን ለካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ አበቁት፤ ለዚያ ካደረሱን ሦስት የማጣሪያ ድሎች አንዱ ግን ያ የባሕር ዳሩ ነበር። ምስጋናም ወቀሳም ለመጨረሻው ሰው ብቻ ሲሰጥ ሥራው የማን እንደነበረ ይጠፋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለዚህ ዓይነቱ ዳኝነት የተነገረ ይመስላል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ክብደታቸውንም አልክድም። አንደኛው፣ እግር ኳስ እንደ አሜሪካው ጨዋታ በየሙከራው አይቆምም፤ ውሳኔውን ነጥሎ መመዘን አይቻልም የሚል ነው። እውነት ነው፣ ውሳኔዎቹ ያነሱ ናቸው። ግን ያነሱ በመሆናቸው ለመያዝ ይቀላሉ፦ የመጀመሪያ አሰላለፍ፣ ቅያሪዎችና ሰዓታቸው፣ ከቀይ ካርድ በኋላ ማን እንደወጣ፣ ለቡድኑ ማን ተጠርቶ ማን እንደቀረ። ሁለተኛው፣ አሜሪካኖች በቁጥር የበለጸጉ ናቸው፤ እኛ መረጃው የለንም የሚል ነው። ከላይ የዘረዘርኳቸውን ለመመዝገብ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ሦስተኛው ይበልጥ ይከብዳል፦ አሜሪካም ቢሆን አሰልጣኝ በችኮላ ታባርራለች፤ ሻናሃንም በ2013 መጨረሻ ተባረዋል። አዎ፣ የቡድን ባለቤቶች ትዕግሥት አጭር ነው። ልዩነቱ አሰልጣኙ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ለውሳኔያቸው ምክንያት እንዲሰጡ መገደዳቸው፣ የተጎዱ ተጫዋቾች ዝርዝርም በየሳምንቱ በይፋ መውጣቱ ነው። ስንብቱ ሲመጣ ምክንያቱ በጽሑፍ አለ። አራተኛው፣ ሩቅ ሆኖ መምከር ቀላል ነው የሚለው ነው። ይህን እቀበላለሁ፤ ስለዚህም ያቀረብኩት የትኛው አሰልጣኝ ይሻላል የሚል ፍርድ ሳይሆን፣ ቦታው ላይ ያለ ሰው ከእኔ በተሻለ ሊጠቀምበት የሚችል ሚዛን ነው። የአሜሪካው ጨዋታ ጭንቅላት ይጎዳል የሚሉ ወላጆች ሥጋትም ትክክል ነው፤ ልጆቻችን የራስ ቁር አጥልቀው ይጋጩ አላልኩም።

ቦሌ ለዚህ የክርክር ልማድ የተመቸች ናት። ከአሜሪካ የተመለሱ ቤተሰቦች ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከሲኤምሲ እስከ አያት ሰፍረዋል። የኤንኤፍኤል የእሑድ የመጀመሪያ ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ይጀምራል፤ የእንግሊዝ ሊግ የእሑድ የመጨረሻ ጨዋታ በሚያበቃበት ሰዓት ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በ2016 ግንባታው የተጀመረውና ከ60 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ የታቀደው የአደይ አበባ ስታዲየም ያለው ቦሌ ነው። ዋልያዎቹ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ለዓመታት የሜዳቸውን ጨዋታ በሰው ሀገር ለማድረግ ተገደው ነበር፤ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉበት የጁን 2022 ጨዋታ እንኳ የተካሄደው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነው። ቡድኑ ወደ አዲሱ ስታዲየም ሲገባ አሰልጣኙን በቅርብ የሚዳኘው የቦሌ ተመልካች ይሆናል። ያ ተመልካች ሦስት ጥያቄ ይዞ እንዲገባ አደራ እላለሁ፦ አሰልጣኙ በዚያ ደቂቃ ምን ያውቁ ነበር? ሌላ ምን ምርጫ ነበራቸው? ብናሸንፍ ኖሮ ይህንኑ ውሳኔ እነቅፈው ነበር? ለእነዚህ መልስ ሳያገኝ ማንም ይባረር ብሎ አይጩኽ፤ መልሱን ካገኘ በኋላ ግን ማንንም አይፍራ።