በመርፌ ጫፍ የተጓዘ ደዌ

በኢትዮጵያ የዓይን ቢጫ መሆንንና የጉበት ሕመምን ሕዝቡ «የወፍ በሽታ» ይለዋል። የሌሊት ወፍ በላዩ ያለፈችበት ሰው ይታመማል የሚለው እምነትም ከገጠር እስከ ከተማ ገና አልጠፋም። ጉበትን ከሚያጠቁት ቫይረሶች አንዱ የሆነው ሄፓታይተስ ሲ በመካከለኛው አፍሪካ ቆላማ ደኖች እንዴት እንደ ተስፋፋ ለሚጠይቅ ሰው ግን ታሪኩ የሚመራው ወደ ሐኪም ድንኳን ነው።

ቫይረሱ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ሐኪሞች ስም አጥተውለት «ኤም ቢም ያልሆነ» ሲሉት ቆይተዋል። ሃርቪ ኦልተር፣ ማይክል ሃውተንና ቻርልስ ራይስ ለዚሁ ሥራ በ2020 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ደዌው በደም ይተላለፋል፤ ከተያዙት የሚበዙት ሳያውቁት ይኖራሉ፤ ጉበታቸው ጠባሳ የሚያወጣው ወይም በካንሰር የሚመታው ሃያና ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ነው። በዳዩና ተበዳዩ ሳይተዋወቁ የሚቀሩትም በዚህ መዘግየት ምክንያት ነው።

ታዲያ የተዳፈነው ታሪክ እንዴት ተገለጠ? የብራና መጻሕፍትን የሚያመሳክሩ ሊቃውንት አንድ ቁም ጸሐፊ የሳተውን ቃል ተከትለው የትኛው ቅጂ ከየትኛው እንደ ተገለበጠ ይደርሱበታል። ቫይረሱም ራሱን ሲገለብጥ ይሳሳታል፤ ስሕተቱም ከዓመት ዓመት በሚገመት ፍጥነት ይከማቻል። ኦሊቨር ፓይበስና ባልደረቦቹ ይህንኑ የስሕተት ቆጠራ ወደ ዘመን ቆጠራ የሚለውጥ ስሌት አዳበሩ። አራተኛው የቫይረሱ ዝርያ በካሜሩን፣ በጋቦንና በኮንጎ እጅግ ብዙ ቅርንጫፎች አሉት፤ የቅርንጫፉ ብዛት በዚያ ምድር ረጅም ዘመን መኖሩን ያመለክታል። ከካሜሩን በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ የተደረገው ስሌት ደግሞ ሌላ ነገር አሳየ፦ ለብዙ ዘመን በዝግታ ሲሄድ የኖረው ቫይረስ ከ1920 እስከ 1960 ባለው ጊዜ ውስጥ በድንገት ተባዝቷል።

እነዚያ ዓመታት የእንቅልፍ በሽታ ዘመቻ ዓመታት ናቸው። በቆላ ዝንብ ንክሻ የሚመጣው ይህ ደዌ (ለከብቶቻችን ገንዲ የሚያመጣው ተውሳክ ዘመድ ነው) መንደሮችን ባዶ ያደርግ ነበር። ፈረንሳዊው ወታደራዊ ሐኪም ኤዤን ዣሞ ሕመምተኛው እስኪመጣ አልጠበቀም፤ ማይክሮስኮፕ ተሸክመው መንደር ለመንደር የሚዞሩ ጓዶችን አደራጀ። ከ1917 እስከ 1919 በኡባንጊ ሻሪ፣ በዛሬዋ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ፣ ከ5 ሺህ የሚበልጡ ሕሙማን ሲታከሙ በጓዱ እጅ የነበሩት ሲሪንጆች ስድስት ብቻ ነበሩ። ሕክምናው ደግሞ በአንድ መርፌ አያበቃም፤ አርሴኒክ ያለበት መድኃኒት ተደጋግሞ ይወጋል። ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲታለፍ መርፌውን በሚገባ ለመቀቀል ጊዜም ዕቃም አልነበረም። በ1926 ዣሞ ሥራውን በካሜሩን በሰፊው ቀጠለ። በኋላ ባፊያ በተባለው አውራጃ አንድ የበታቹ ሐኪም የመድኃኒቱን መጠን ከፍ አድርጎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ዓይናቸው ጠፋ፤ ዣሞም በ1931 ከሥራው ተነሣ። ያ በደል ወዲያው የታየ ስለ ነበር ተጠያቂ ተፈለገለት። በዚያው መርፌ የተላለፈውን ግን ያን ጊዜ ማንም ሊያይ አይችልም ነበር።

ጥፋቱን ሁሉ በእንቅልፍ በሽታ ዘመቻ ላይ መጫን አይገባም። በደቡብ ካሜሩን ባለችው ኤቦሎዋ ከተማ ዕድሜያቸው ከስድሳ በላይ ከሆኑ ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ለቫይረሱ ተጋልጠው ተገኝተዋል፤ በዚያ ዋናው ሰበብ በደም ሥር ይሰጥ የነበረው የወባ መድኃኒት መርፌ ሆኖ ታይቷል። በካሜሩን ወጣቶች ዘንድ ቫይረሱ ጥቂት ነው። ካናዳዊው ሐኪም ዣክ ፔፓንም በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ኖላ በተባለው ቦታ አረጋውያንን መርምሮ፣ ከ1951 በፊት ለእንቅልፍ በሽታ የታከሙት ከሌሎቹ ይልቅ በአራተኛው ዝርያ ተይዘው መገኘታቸውን ጽፏል። ፔፓን ራሱ በ1980ዎቹ በዛየር የገጠር ሆስፒታል ሐኪም ነበር፤ ስለዚህ ስለ ቀደሙት ሲጽፍ ከሩቅ ሆኖ እንደሚፈርድ ሰው አይጽፍም። እኔም ዣሞን ወንጀለኛ ለማለት ብዕሬ አይታዘዘኝም። ይሁን እንጂ ደም ደዌን እንደሚያሻግር በዘመኑ ጨርሶ ያልታወቀ አልነበረም፤ ስድስት ሲሪንጅ ለሺዎች ይበቃል ያለው የቅኝ ግዛት በጀት ከሐኪሙ ይልቅ ይጠየቅበታል።

ግብፅ ይህንኑ በሰፊው ደገመችው። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ በናይል ዳር ለብልሃርዝያ ይሰጥ የነበረው የአንቲሞኒ መርፌ የአራተኛውን ዝርያ አንድ ቅርንጫፍ ዘርቶ አገሪቱን በዓለም ከፍተኛው የሄፓታይተስ ሲ ስርጭት ያለባት አደረጋት። በኢትዮጵያም የሚበዛው አራተኛው ዝርያ ነው፤ ቅርንጫፉ ግን ከግብፁ የተለየ ሲሆን የተያዘው ሕዝብ ቁጥርም ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ግብፅ በ2018 የጀመረችው ዘመቻ አዋቂውን ሕዝቧን በሰፊው መርምሮ በነጻ አከመ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ጥረቷን መስክሯል።

አዲሱ መድኃኒት በአፍ የሚዋጥ እንክብል ነው፤ በሦስት ወር ውስጥ ከመቶ ዘጠና አምስት የሚሆኑትን ይፈውሳል። ሥራ ላይ የዋለው ከ2013 መጨረሻ ወዲህ ነው። ያኔ፣ በ1930 በልጅነቱ ክንዱን ለዣሞ ጓድ የዘረጋ ካሜሩናዊ በሕይወት ከቆየ ሰማንያ ዓመት አልፎታል።