የንጉሥ ስም ያላት ጭምብለኛ

ሰሞኑን መሳቢያዬን ሳጸዳ ከአውራ ጣት የማትበልጥ አሮጌ የብሉቱዝ አዳፕተር አገኘሁ። አንድ ሌሊት ጉድ የሠራችኝ እርሷ ናት። ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ባወጋው የማያሳፍረኝ ነገር ነው፤ ስሟ ራሱ ከታሪክ የተቀዳ ነውና።

ሃራልድ ብሉቱዝ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዴንማርክን የገዛ ንጉሥ ነበር። በዬሊንግ ባቆመው ድንጋይ ላይ ዴንማርክንና ኖርዌይን በእጁ እንዳስገባ አስቀርጿል። የኢንቴሉ መሐንዲስ ጂም ካርዳክ ከኤሪክሰኑ ስቬን ማቲሶን ጋር የታሪክ ወግ ሲጫወት ስለ ቫይኪንጎች ሰማ፤ ኮምፒውተርንና ስልክን ያለ ሽቦ ለሚያገናኘው አዲስ ጥበብም የንጉሡን ስም ለጊዜው አዋሰው። እ.ኤ.አ. በ1998 ኤሪክሰን፣ ኢንቴል፣ ኖኪያ፣ አይ ቢ ኤምና ቶሺባ ማኅበር ሲመሠርቱ የውሰቱ ስም ጸንቶ ቀረ።

ይሁን እንጂ አንድ እንቅፋት ነበር። ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃው ባዮስ ብሉቱዝን አያውቅም ነበር፤ የሚያውቀው በሽቦ የሚሰካ ኪቦርድና ማውስ ነበር። ስለዚህ እንደ ካምብሪጁ ሲ ኤስ አር ያሉ ቺፕ ሠሪዎች መላ ዘየዱ፦ አዳፕተሯ ማንነቷን ሸሽጋ ተራ ኪቦርድና ማውስ መስላ ትቀርባለች። ኮምፒውተሩ ከተነሣ በኋላ ትእዛዝ ሲደርሳት ጭምብሏን አውልቃ ሙሉ ብሉቱዝ ትሆናለች፤ ያን ጊዜ ስልክም ማዳመጫም ይገናኛታል። በሊኑክስ ይህን የሚፈጽም ኤችአይዲ ቱ ኤችሲአይ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ።

ያን ሌሊት በአባቴ አርባ ላይ የሚነበብ ጽሑፍ እጽፍ ነበር። በስልኬ ያለውን ፎቶግራፉን ወደ ኮምፒውተሩ ላሳልፍ ብዬ ትእዛዙን ሰጠሁ። ኪቦርዱም ማውሱም ወዲያው ዝም አሉ። ለካ ከእነርሱ ጋር የተዋወቀችው አዳፕተሯ ብቻ ኖራለች፤ ጭምብሉ ሲወልቅ ኮምፒውተሩ እንደ ባዕድ አያቸው። ጽሑፉን ገና አላስቀመጥሁትም ነበር። በስክሪኑ ላይ የሚታየውን በእስክሪብቶ ገለበጥሁ፤ ወደ ላይ ያለፈው የአባቴ የልጅነት ታሪክ ግን ማሽኑን ሳጠፋው አብሮ ጠፋ።

አዳፕተሯን ነቅሎ መልሶ መሰካት ብቻ ወደ ቀድሞ መልኳ እንደሚመልሳት ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

በአርባው ቀን የጠፋውን ክፍል ከወረቀት ሳይሆን ከልቤ ተናገርሁት። አዳፕተሯን ግን አልጣልኋትም፤ ወደ መሳቢያዋ መለስኋት።