አፈሙዝ ጎራሽ፦ የአንድ ተኩስ አደንና የመሣሪያው እንክብካቤ

በአሜሪካ ግዛቶች የአደን ደንብ ውስጥ «ማዝልሎደር» የሚል ቃል አይጠፋም። ብዙ አማርኛ ተናጋሪ በሚኖርባቸው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ፣ ከቀስቱና ከዘመናዊው ጠመንጃ ወቅት ሌላ፣ ለዚህ መሣሪያ ብቻ የተለየ የዋላ አደን ጊዜ አለ። ቃሉ የሚያመለክተው ባሩድና አረር ከኋላ ሳይሆን በአፈሙዙ በኩል የሚገባበትን ጠመንጃ ነው። እዚህ «አፈሙዝ ጎራሽ» ብዬዋለሁ። አፈሙዝ ማንም የሚያውቀው ቃል ነው፤ ጠመንጃ ማጉረስም የቆየ የተኳሽ ቋንቋ ነው፤ አዲስ የሆነው ጥምረታቸው ብቻ ነው። «ነፍጥ» ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ነፍጥ የጦር መሣሪያ ሁሉ መጠሪያ ከመሆኑም በላይ ሌላ ብዙ ሸክም ስላለበት ደንቡ የሚለየውን ነገር አይለይልንም። ከኋላ የሚጎርሰውን፣ ማለትም ዛሬ የተለመደውን ጠመንጃ፣ «ኋላ ጎራሽ» ብንለው ሁለቱ ቁልጭ ብለው ይለያሉ። የሚታደነው እንስሳ ስምም ጥንቃቄ ይሻል። ብዙ ሰው «አጋዘን» ይለዋል፤ አጋዘን ግን በአገራችን የታወቀ ሌላ እንስሳ ነው፣ ቀንዱም ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። የአሜሪካው ወንድ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል፤ ወገኑም በኢትዮጵያ ምድር የለም። ዳዊት የደገመ ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ዋላ» ይቀርበዋልና ነጭ ጅራት ዋላ ብንለው ይሻላል።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ቅደም ተከተሉ ነው። አዳኙ መጀመሪያ ባሩዱን በመስፈሪያ ለክቶ በአፈሙዙ ያፈሳል። ለ50 ካሊበር ጠመንጃ የተለመደው ልክ ከ80 እስከ 100 ግሬይን፣ ማለትም ከ5 ግራም ትንሽ ከፍ ብሎ እስከ 6 ግራም ተኩል ነው። ቀጥሎ ቅባት የጠጣ የጥጥ ጨርቅ ብጣሽ አፈሙዙ ላይ ያነጥፍና ክብ የእርሳስ አረር ያስቀምጥበታል፤ ሁለቱንም በመጎስጎሻ ዘንግ እየገፋ ባሩዱ ላይ በደንብ እስኪቀመጡ ድረስ ያወርዳል። እሳቱ ከሁለት መንገድ በአንዱ ይመጣል። በአሮጌው ስልት ቃታው ሲሳብ ባልጩት ብረት ይገጭና ፍንጣሪው በጎን ባለች ጎድጓዳ ውስጥ የተነሰነሰውን ደቃቅ ባሩድ ይለኩሳል፤ ነበልባሉም በትንሽ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባል። በኋለኛው ስልት የባልጩቱን ቦታ ሲመታ የሚፈነዳ ቅመም የያዘች የመዳብ ቆብ ወስዳለች። በሁለቱም መንገድ የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ ከሁለትና ከሦስት ጊዜ በላይ አይተኩስም ነበር። ይህ ዝግታ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የኢትዮጵያ ታሪክም ያውቃል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ፣ ከመቅደላ ሥር፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት አብዛኛው ጠመንጃው አፈሙዝ ጎራሽ ሆኖ ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ከያዘው የእንግሊዝ ጦር ጋር ገጠመ። ስናይደር ራሱ አፈሙዝ ጎራሽ የነበረውን የኤንፊልድ ጠመንጃ ከኋላ እንዲጎርስ በመለወጥ የተሠራ ነበር፤ በሁለቱ ወገኖች መካከል ከነበሩት ልዩነቶች አንዱ እንግዲህ የማጉረሻው ቦታ ነበር።

ታዲያ በጦር ሜዳ ዘመኑ ካለፈ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው መሣሪያ ለምን የራሱ የአደን ወቅት ይሰጠዋል? መልሱ ከዋላው ታሪክ ይነሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥጋና ቆዳ ለገበያ የሚያቀርቡ አዳኞች ያለ ገደብ ስለፈጁት፣ እ.ኤ.አ. 1900 ገደማ በብዙ የምሥራቅ አሜሪካ ግዛቶች ዋላ ማየት ብርቅ ሆኖ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የሌሲ ሕግ በሕገ ወጥ መንገድ የታደነ እንስሳ ከግዛት ግዛት እንዳይነገድ ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው የፒትማንና የሮበርትሰን ሕግ ደግሞ ከጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚሰበሰበው ታክስ ለዱር እንስሳት እንዲውል አደረገ። ዛሬ ነጭ ጅራት ዋላ በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራል። ይበሉት የነበሩት ተኩላና ፑማ ከአብዛኛው የምሥራቅ ደን ጠፍተዋል፤ ዋላው ችግኙን እየጋጠ ደኑ ራሱን እንዳይተካ ያደርጋል፣ ከመኪናም ጋር ይጋጫል። የዱር እንስሳት አስተዳዳሪዎች ስለዚህ የሚጋጩ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችን ይፈልጋሉ፤ አዳኝ ብዙ ቀን ደን ውስጥ እንዲውል፣ ነገር ግን በጥቂት ቀን ከልኩ በላይ እንዳይጥል። መሣሪያው ሲገደብ ቀኑን ማራዘም ይቻላል። ፔንሲልቫኒያ እ.ኤ.አ. በ1974 የከፈተችው ወቅት ባልጩት ለኳሽ ጠመንጃ ብቻ የሚፈቅድ ነው፤ ዛሬ ከፈረንጆቹ ገና ማግሥት ተነስቶ እስከ ጃንዋሪ ስለሚዘልቅ የእኛን ገናም ያቅፋል። ኮሎራዶ በበኩሏ በዚህ ወቅት አጉሊ መነጽር ጠመንጃ ላይ መግጠም፣ አረርን በፕላስቲክ አቃፊ ማጉረስና ተጠፍጥፎ የተዘጋጀ ባሩድ መጠቀም ከልክላለች።

እነዚህ ደንቦች ሁሉ ግን ጠመንጃውን እንጂ ሰውየውን አይገድቡም። ዝግተኛ መሣሪያ በራሱ ርኅሩኅ አይደለም፤ በሰነፍ እጅ ከፈጣኑ ይብሳል። በኋላ ጎራሽ ጠመንጃ የሳተ ሰው ወዲያው አቀባብሎ ስሕተቱን ሊያርም ይችላል። በአፈሙዝ ጎራሽ የሳተ ሰው የጭስ ደመና ፊት ቆሞ ይቀራል፤ ጭሱ ሲገፈፍ የቆሰለው ዋላ ጫካ ገብቷል። ስለዚህ ኃላፊነት የሚባለው ነገር ከቃታው በፊት ያለቀ መሆን አለበት። ክብ አረር 100 ሜትር ላይ ሲደርስ ከመነሻ ፍጥነቱ ግማሽ ያህሉን አጥቷል፤ ጉልበቱ ደግሞ ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ አዳኙ ከወቅቱ በፊት ኢላማ ላይ ተለማምዶ፣ አረሮቹ ሳይበታተኑ የሚያርፉበትን ርቀት አውቆ፣ ከዚያ የራቀውን እንስሳ ማለፍ አለበት። ዋላው ጎኑን ሲሰጥ ከፊት እግሩ ጀርባ ያለውን የልብና የሳንባ ቦታ ማነጣጠር፣ ከተኮሱ በኋላ ቀድሞ ማጉረስ፣ እንስሳው የቆመበትንና የሮጠበትን አቅጣጫ በዓይን መያዝ፣ ከዚያ ታግሶ ዱካውንና ደሙን መከተል የሥራው ክፍል ነው። «እንዲህ ከሆነ ይህን መሣሪያ መከልከል አይሻልም ወይ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ማቁሰል ግን ከመሣሪያው ዓይነት ይልቅ ከርቀትና ከዝግጅት ጋር የተያያዘ ነው፤ 300 ሜትር ላይ በዘመናዊ ጠመንጃ የሚሞክር ሰውም ያቆስላል። ለእኔ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፤ አዳኙ ያልተለማመደበትን መሣሪያ የሚያነሳው ተጨማሪ ቀን ለማግኘት ሲል ብቻ ነው የሚለው። እውነት አለው። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የአዳኙን ልምምድ በየዓመቱ አይፈትንምና ይህ ክፍተት በሕግ አይደፈንም።

የመሣሪያው እንክብካቤ የሚገባውም እዚህ ነው። ብዙ ጽሑፎች ጽዳትን እንደ ንብረት ጥበቃ ያዩታል፤ ጠመንጃው ውድ ስለሆነ አይዛግ ይላሉ። እኔ ግን ዋላው ላይ የሚደርሰውን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ አድርጌ አየዋለሁ፤ ምክንያቱ ኬሚስትሪው ውስጥ አለ። ጥቁር ባሩድ በመቶ 75 የፖታሲየም ናይትሬት ጨው፣ 15 ከሰል፣ 10 ድኝ ነው። ሲቃጠል በክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ ጋዝ አይለወጥም፤ ከፊሉ ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ቀሪው የበርሜሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የሚለጠፈው በአብዛኛው የፖታሲየም ጨው ነው፤ ጨውም ከአየር እርጥበት ይስባል። ያልታጠበ በርሜል በእርጥብ አየር አንድ ሌሊት አድሮ ሊዝግ የሚችለው ለዚህ ነው። የዛገ በርሜል ውስጡ ይቦረቦራል፤ የተቦረቦረው ጨርቁን ይቀድዳል፤ ጨርቁ የተቀደደ አረር ደግሞ ከኢላማው ይወጣል። ጥላሸቱ በአንድ ተኩስ እንኳ ስለሚወፍር ሁለተኛው አረር እስከ ባሩዱ ላይወርድ ይችላል፤ በመካከል ክፍተት ቀርቶ ከተተኮሰ በርሜሉ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ጠንቃቃ አዳኝ በየተኩሱ መካከል እርጥብ ጨርቅ ከዚያም ደረቅ ጨርቅ በዘንግ የሚያስገባው፣ ዘንጉም ላይ ጠመንጃው በትክክል ሲጎርስ የሚደርስበትን ልክ በምልክት የሚቀርጸው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ጨው በውኃ ይሟሟል፤ ስለዚህ ትኩስ ውኃና ትንሽ ሳሙና ከብዙ ጠርሙስ ኬሚካል ይበልጣሉ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ፣ በርሜሉ የሚፈታ ከሆነ ተፈትቶ፣ የኋላ ጫፉ ባልዲ ውስጥ ተነክሮ በጨርቅ ሲሳብ ጥቁሩ ውኃ ይወጣል፤ ትኩሱ ውኃ ብረቱን ስለሚያሞቀው ቶሎ ይደርቃል። ከዚያ ቅባት። እሳት የሚገባባት ጠባብ ቀዳዳ ለብቻዋ መጠረግ አለባት፤ ሰው የሚዘነጋት እሷን ነው፣ ጠመንጃም ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው በእሷ ነው። ቅባቱ ራሱ ሌላ መዘዝ አለው። ለማኖሪያ የተቀባው ዘይት በአደኑ ጧት ካልተጠረገ ባሩዱን ያርሳል፤ ስለዚህ ከማጉረስ በፊት በርሜሉን በደረቅ ጨርቅ መወልወል፣ ባለ ቆብ ጠመንጃ ከሆነም ያለ ባሩድ አንድ ሁለት ቆብ በአስተማማኝ አቅጣጫ አፈንድቶ ቀዳዳውን ማድረቅ የተለመደ ነው። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ብረት ያልበዋል፤ ያ ላብ የጎረሰውን ባሩድ ያበላሻል። ዝናብም የታወቀ ጠላት ነው፤ በተለይ ለባልጩቱ፤ እሳት መጫሪያው ላይ ቆዳ የሚሸፈነው ለዚህ ነው። «ዛሬ የባሩድ ምትክ ስላለ ይህ ሁሉ ልፋት ቀርቷል» ለሚሉ መልሱ አጭር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለገበያ የቀረበው ፓይሮዴክስ ራሱ የሚተወው ቅሪት ክሎራይድ አለበት፣ ክሎራይድም ብረት ይበላል። ዘመናዊውን ጭስ አልባ ባሩድ እዚህ ጠመንጃ ውስጥ መጨመር ደግሞ፣ ለእሱ ተብሎ ካልተሠራ በቀር፣ በርሜሉን የሚያፈነዳ ጥፋት ነው፤ በመልክ ስለሚመሳሰሉ ባሩድ ከራሱ ዕቃ ወደ ሌላ አይገለበጥም።

ከሁሉ የሚያከራክረው አዲሱ አፈሙዝ ጎራሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የሚዙሪው ጠመንጃ ሠሪ ቶኒ ናይት «ኤም ኬ 85» የተባለውን አወጣ፤ እሳቱ ከጎን ሳይሆን በቀጥታ ከባሩዱ ጀርባ የሚመጣበት ነው። «ቀጥታ ለኳሽ» ቢባል ይገልጸዋል። የአሮጌው ስልት ወዳጆች ይህ ዘመናዊውን ጠመንጃ በደጅ አስወጥቶ በመስኮት ማስገባት ነው ይላሉ፤ አጉሊ መነጽር ከተገጠመለትና ሹል አረር ከጎረሰ 200 ሜትር ይደፍራልና። ክርክራቸው ግማሹ ትክክል ነው። እሳቱ አስተማማኝ የሆነ ጠመንጃ እምብዛም አይከሽፍም፤ ከበርሜሉ ጀርባ ያለው መድፈኛም ስለሚፈታ ጽዳቱ ቀላል ይሆናል፤ ይህ ለእንስሳውም ይበጃል። የሚያበላሸው ርቀቱ ነው። ስለዚህ ለኳሹን ሳይሆን መነጽሩን የሚከለክለው የኮሎራዶ መንገድ ከፔንሲልቫኒያው ጥብቅ የባልጩት ደንብ ይልቅ ያሳምነኛል፤ የጥንቱን መልክ ለመጠበቅ የሚፈልግ ሰው ግን በዚህ አይስማማም፣ ለባህሉ ያለው አክብሮትም የሚናቅ አይደለም።

የቀረው ደኅንነት ነው፤ አብዛኛው ለማንኛውም ጠመንጃ የሚሠራ ስለሆነ አልደግመውም። የዚህ መሣሪያ ብቻ የሆኑ ጥቂት ነገሮች ግን አሉ። ቃታው ተስቦ ካልተኮሰ እሳቱ ውስጥ እየተጓዘ ሊሆን ስለሚችል አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳነጣጠሩ ቢያንስ አንድ ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል። ባሩድ ከሚያዝበት ቀንድ ወይም ቆርቆሮ በቀጥታ ወደ በርሜል አይፈስም፤ ከቀድሞው ተኩስ የቀረ ፍም ካገኘው ዕቃው በእጅ ላይ ይፈነዳልና ሁልጊዜ በመስፈሪያ ነው። ከሁሉ የሚያሳስተው ግን ይህ ጠመንጃ መጉረሱ ከውጭ የማይታይ መሆኑ ነው። ኋላ ጎራሹ ተከፍቶ ይታያል፤ አፈሙዝ ጎራሽ ቆቡ ቢወልቅም ባሩዱና አረሩ ውስጥ ተቀምጠው ዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ፤ ከአያት የተወረሱ አሮጌ ጠመንጃዎች እንደጎረሱ የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። መፈተሻው ዘንጉ ነው። ቆቡ ከወለቀ ወይም የጎድጓዳዋ ባሩድ ከተጠረገ በኋላ፣ አፈሙዙ ከሰው ፊት ርቆ፣ ዘንጉ ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ይወርዳል፤ አፈሙዙ ጋ ያለበት ቦታ በጣት ይያዝና ዘንጉ ወጥቶ ከበርሜሉ ውጭ ጎን ለጎን ይለካል። ጫፉ እሳት እስከሚገባበት ቀዳዳ ከደረሰ ባዶ ነው። ሁለት ሦስት ጣት ያህል ካጠረ ጎርሷል ማለት ነው፤ የማያውቅ ሰው ራሱ ሊያወጣው ከመሞከር ይልቅ ወደ ጠመንጃ ጠጋኝ ይወስደዋል።